ጆሴፍ ፕሪስትሊ፦ ለተቃዋሚው ቦታ የሰጠ መምህር

ኦክሲጅንን ማን አገኘ ለሚለው የፈተና ጥያቄ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ብለን ጽፈን አንዳንድ ማርክ ያላገኘን ያለን አይመስለኝም። ከዚያ ወዲያ ግን ስለ ሰውየው ማን ጠየቀ? እኔም አልጠየቅሁም ነበር። የሕይወት ታሪኩን ፈልጌ እንዳነብ ያደረገኝ በማስተማር ልምምድ ጊዜ የደረሰብኝ ነገር ነው። ስለ አየር ሳስተምር አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አውጥቶ አየርን የፈጠረው እግዚአብሔር ከሆነ እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው ብሎ ጠየቀኝ። ደነገጥኩ። ይህ የዛሬ ትምህርት አይደለም፣ ቁጭ በል አልኩት። ልጁም ተቀመጠ፤ ልምምዴን እስክጨርስ ድረስ ግን እጁን ዳግመኛ አላወጣም።

ፕሪስትሊ እንጀራው ኬሚስትሪ አልነበረም። ሰባኪና መምህር ነበረ። ዕድሜውን በሙሉ የተከራከረውም ያ ልጅ በጠየቀኝ ነገር ላይ፣ ማለትም በእግዚአብሔር ባሕርይ ላይ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሪስትሊ በ1733 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር፣ በሊድስ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ በሱፍ ጨርቅ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን እናቱ የሞተችበት ገና በሕፃንነቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲሆነው የአባቱ እኅት ወስዳ አሳደገችው። አክስቱ ልጅ አልነበራትም። ጥብቅ ሃይማኖተኛ ብትሆንም በእምነት ከእርሷ የሚለዩ ሰባክያን ሳይቀሩ ከቤቷ ይስተናገዱ ነበር። ልጁም ክርክራቸውን እየሰማ አደገ። ሲናገር ይንተባተባል፤ ይህም ችግር ጨርሶ አልለቀቀውም። ቢሆንም ላቲን፣ ግሪክና ዕብራይስጥ ከተማረ በኋላ ሌሎች ቋንቋዎችንም ጨመረ። ወጣት ሳለ ወደ አክስቱ ቤተ ክርስቲያን አባልነት ለመግባት ቢጠይቅ ሽማግሌዎቹ አልተቀበሉትም። ምክንያቱም በአዳም ኃጢአት የራሱ በደል እንዳለበት ይሰማው እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ያልተሰማውን ተሰምቶኛል ለማለት ስላልፈለገ ነው።

በዚያ ዘመን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ክርስቲያኖች በራሳቸው ጸሎት ቤት እንዲያመልኩ የ1689 ሕግ ቢፈቅድላቸውም፣ ሥላሴን የሚክድ ሰው ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ይኸው ክህደት ወንጀል ሆነ። ሆኖም ክርክሩ አልቆመም። በ1712 ሳሙኤል ክላርክ የተባለ የለንደን ቄስ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ስለ ሥላሴ የሚመለከቱትን ከ1200 በላይ ጥቅሶች አንድ በአንድ መርምሮ መጽሐፍ አወጣ። አብ ብቻ የበላይ አምላክ ነው ወደሚል አሳብ በማዘንበሉ ብዙ መልስ ተጻፈበት። ፕሪስትሊ የተወለደው ይህ ክርክር ገና ሳይበርድ ነው።

ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለየ ወጣት በኦክስፎርድም ሆነ በኬምብሪጅ ዲግሪ አያገኝም። ስለዚህ ፕሪስትሊ በ1752 ዳቬንትሪ ወደሚገኘው የተለዩት ክርስቲያኖች ትምህርት ቤት ገባ። እኔ የሕይወቱ መሠረት የተጣለው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ዋናው መምህርና ረዳቱ እርስ በርሳቸው በብዙ ጥያቄ አይስማሙም፤ ተማሪውም እንዲሁ ለሁለት የተከፈለ ነው። ለእያንዳንዱ ርዕስ የሁለቱም ወገን መጻሕፍት ይሰጧቸዋል፤ ተማሪው አንብቦ፣ አሳጥሮ ይጽፋል፣ ይከራከራል። ፕሪስትሊ ከአክስቱ እምነት የራቀው እዚህ ሲሆን፣ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሃይማኖት መሠረት የሚያትተውን ትልቅ መጽሐፉንም መጻፍ የጀመረው ተማሪ ሳለ ነው።

በ1755 በሰፎክ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሰባኪ ሆነ። እዚያ የገጠመው መከራ ነው። አንደበቱ ይያዛል፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ያውም ሙሉውን አያገኝም። ስለ ሥላሴ ያለው አሳብ ሲታወቅማ ምእመናኑ እያንጠባጠቡ ሸሹት። በ1758 ወደ ናንትዊች ተዛውሮ ከስብከቱ ጋር ትምህርት ቤት ከፈተ። ወንዶቹ ሠላሳ ያህል ሲሆኑ በሌላ ክፍል ጥቂት ሴቶች ልጆችን ያስተምር ነበር። ትንሽ ገንዘብ ሲተርፈው አየር የሚስብ ፓምፕና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ገዝቶ ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው እንዲሞክሩት አደረገ።

በ1761 የዋሪንግተን አካዳሚ የቋንቋ መምህር ሆነ። በዚሁ ዓመት የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ፤ በማግስቱ ዓመት ሜሪ ዊልኪንሰንን አገባ። በ1765 ያወጣውን የማስተማሪያ መርጃ እኛ ብናየው እንወደዋለን። ከግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰፊ ወረቀት ሲሆን፣ የ2000 ያህል ታዋቂ ሰዎች ዕድሜ በመስመር ተሥሎበታል። ማን ከማን ጋር በአንድ ዘመን እንደኖረ ተማሪው በአንድ እይታ ያውቃል። በ1767 የኤሌክትሪክን ታሪክ ጻፈ። በዚያው ዓመት ወደ ሊድስ ሄዶ ሰባኪ ሲሆን፣ መኖሪያው ከቢራ መጥመቂያ አጠገብ ነበር። ከጋኖቹ ላይ የሚወጣውን አየር፣ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን፣ መመርመር ጀመረ። ውኃን በዚህ አየር እንዴት እንደሚሞሉት በ1772 ጽፎ አሳተመ። የለስላሳ መጠጥ ነገር የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ነው።

ከ1773 ጀምሮ የሎርድ ሼልበርን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ሠራ። በኦገስት 1 ቀን 1774 በትልቅ ሌንስ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ቀዩን የባዜቃ ዱቄት ሲያግል አዲስ አየር ወጣ። ሻማ በዚህ አየር ውስጥ ቦግ ብሎ ነደደ። ኋላም ይህ አየር ባለበት ዕቃ ውስጥ የገባች አይጥ በተራ አየር ከምትቆየው በላይ ቆየች። ካርል ሼለ የተባለ ስዊድናዊ ቀድሞ አግኝቶት እንደነበረ ዛሬ ይታወቃል፤ ቀድሞ ያሳተመው ግን ፕሪስትሊ ነው። ኦክሲጅን የሚለውን ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው ላቯዚዬ ነው።

አየሩን በሚመረምርባቸው በእነዚሁ ዓመታት፣ ከ1772 እስከ 1774፣ ዳቬንትሪ ሳለ የጀመረውን መጽሐፍ በሦስት ቅጽ አወጣ። መጽሐፉ የሚጀምረው ከተፈጥሮ ነው። የተሠራ ነገር ሠሪ አለው፤ ሠሪውም ሌላ ሠሪ ካስፈለገው ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ያለ ምክንያት የሚኖር አንድ የመጀመሪያ ምክንያት መኖር አለበት ይላል። ዓለም በአንድ ሥርዓት የምትሄድ በመሆኗ ሠሪዋ አንድ ነው፤ ፍጡራን ከሥቃይ ይልቅ ደስታ እንዲያገኙ ተደርገው በመሠራታቸውም ቸር ነው ሲል ያስረዳል። ያ ልጅ የጠየቀኝን ጥያቄ እንግዲህ ፕሪስትሊ ቁጭ በል አላለውም። የመጽሐፉ መነሻ አደረገው።

በ1777 ደግሞ ሰው ከሥጋ የተለየች ነፍስ የለውም፤ ተስፋው ትንሣኤ ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። ብዙዎች ከሐዲ አሉት። ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስም ሰባኪ ሲሆን በዚህ ነገር ፈጽሞ አልተስማማም። ታዲያ ምን አደረጉ? የፕራይስን ተቃውሞና የፕሪስትሊን መልስ አንድ ላይ አድርገው በ1778 በአንድ መጽሐፍ አሳተሙት። ወዳጅነታቸውም አልቀረም። እኔን ከኦክሲጅኑ ይልቅ የገረመኝ ይኸ ነው።

በ1780 ወደ በርሚንግሃም ተዛወረ። በ1782 ከሁሉ ይልቅ ያከራከረውን መጽሐፍ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች አንድ አምላክ አብን ብቻ እንደሚያመልኩ፣ ኢየሱስንም ከእግዚአብሔር የተላከ ሰው ነው እንደሚሉ፣ የሥላሴ ትምህርት ግን ከግሪክ ፍልስፍና ጋር ኋላ እንደገባ ተከራከረ። ሳሙኤል ሆርስሊ የተባለ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ጠንካራ መልስ ሰጠው። ፕሪስትሊ የጥንቶቹን ጸሐፊዎች በችኮላ አንብቧል፣ ግሪኩንም አሳስቷል፤ የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስን አምላክነት ታምን ነበር አለ። ፕሪስትሊም መለሰ፤ ሆርስሊም መለሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ፕሪስትሊ በ1786 በዚሁ ጉዳይ አራት ቅጽ ጨመረ። ሆርስሊ በ1788 ጳጳስ ሆነ። ማን ረታ የሚለውን ለነገረ መለኮት ሊቃውንት እተዋለሁ። እኔ ይህን የምጽፈው የፕሪስትሊን እምነት ተቀበሉ ለማለት አይደለም። እስከዚህ ድረስ ግን መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው የተመለሰው።

ፕሪስትሊም ቢሆን ጥፋት አለበት። በ1785 ባሳተመው ጽሑፍ የእርሱና የመሰሎቹ ሥራ በአሮጌው የስሕተት ሕንጻ ሥር ባሩድ እንደ ማኖር ነው የሚል ምሳሌ ተናገረ። እርሱ የፈለገው ክርክርን ነው፤ ጠላቶቹ ግን ምሳሌውን እንደ ዛቻ አነበቡት። የባሩድ ሰው የሚል ስምም ወጣለት። በላዩ ላይ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት መብታቸው እንዲሟላ ይታገል ነበር፤ የፈረንሳይን አብዮትም ደግፎ ነበር።

በጁላይ 14 ቀን 1791 የአብዮቱን ሁለተኛ ዓመት ለማክበር በበርሚንግሃም ግብዣ ተደረገ። ፕሪስትሊ በግብዣው ላይ አልነበረም። ማታ ግን ሕዝብ ተሰብስቦ ለቤተ ክርስቲያንና ለንጉሥ እየጮኸ የሚሰብክበትን ጸሎት ቤት አቃጠለ፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ። እርሱና ሚስቱ ጥቂት ቀደም ብለው አመለጡ። ቤቱ ፈረሰ፣ የሙከራ መሣሪያዎቹ ተሰባበሩ፣ መጻሕፍቱ ተበተኑ፣ የዓመታት ድካም የሆኑ ያልታተሙ ጽሑፎቹም ጠፉ። ሁከቱ እስከ ጁላይ 17 ድረስ የሌሎችንም ቤቶችና ጸሎት ቤቶች አወደመ። በቀናት ውስጥ ፕሪስትሊ ለከተማው ሕዝብ ደብዳቤ ጽፎ በደሉን ነገራቸው፤ ክፉ እንደማይመኝላቸውም ገለጸ። በኋላ የተከፈለው ካሳ ከጠየቀው ያነሰ ነበር። ወደ በርሚንግሃም ተመልሶ አልኖረም።

ለንደን አጠገብ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1794 ከሚስቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በፔንሲልቬንያ፣ ኖርዘምበርላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። በ1795 ልጁ ሄንሪ፣ በ1796 ሚስቱ ሞቱበት። እርሱ ግን መጻፉንም መሞከሩንም አልተወም። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1804፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ የጽሑፉን እርማት ለአጠገቡ ሰው እየነገረ ያስጽፍ ነበር። የተጻፈው ሲነበብለት የፈለገው እንዳልሆነ ተናግሮ እንደገና አስተካከለው። ከዚያ ጨርሻለሁ አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ዐረፈ። በእንግሊዝ አገር ሥላሴን መካድ ከወንጀልነት የወጣው በ1813 ነው፤ እርሱ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ።

ነገሩን ሳላሳምር አንድ ልጨምር። ፕሪስትሊ ያገኘው አየር ምን እንደሆነ በትክክል አልገባውም። የሚነድ ነገር ሁሉ ፍሎጂስተን የሚባል ነገር ያወጣል የሚለውን አሮጌ አሳብ፣ ላቯዚዬ ካፈረሰው በኋላም፣ እስኪሞት ድረስ አልለቀቀም። የሌላውን ስሕተት ሲመረምር የኖረ ሰው የራሱን ማየት አቃተው። ቢሆንም የላቯዚዬን አሳብ አልደበቀም። በጽሑፉ ላይ እያነሣ ተከራከረው እንጂ። አንባቢው ሁለቱንም አይቶ ለመፍረድ ቻለ፤ ፈረደም፤ በፕሪስትሊ ላይ ፈረደ። ሁለቱን ወገን አሳይ የሚለው የዳቬንትሪ ትምህርት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይመስለኛል። መምህሩ ቢሳሳት እንኳ ተማሪው የሚድንበት መንገድ ክፍት ይሆናል።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያልን እናድጋለን። ክፍል ስንገባ ግን ያስፈራንን ጥያቄ ቁጭ በል እንላለን። እኔ ብያለሁ። ለዚያ ልጅ ማለት ይገባኝ የነበረው ብዙ አልነበረም። ሰዎች ይህን ጥያቄ ከአንተ በፊት ጠይቀውታል፤ አንዳንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ብሎ መልሷል፤ ቤትህም ሄደህ አባትህንና እናትህን ጠይቅ፤ አሁን ወደ አየሩ እንመለስ ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያ ልጅ አሁን የሌላ መምህር ተማሪ ነው። እጁን ዳግመኛ አውጥቶ እንደሆነ አላውቅም። በሚቀጥለው የልምምድ ወቅት የማገኘው ልጅ ግን ቁጭ በል አይባልም።