ጨርቅ ነጋዴው ሌቨንሁክና የዘር ምስጢር

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ከሠርጉ በኋላ ሁለት ሦስት ክረምት አልፎ ልጅ ያልተገኘ እንደ ሆነ መካን የምትባለው ብዙ ጊዜ ሚስቲቱ ናት፤ ሴት በሴት ላይ የወለደችም ወቀሳ አይቀርላትም። እንዲህ ያለው አሳብ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድም ሥር ሰዶ ስለ ነበረ፣ ዛሬ የአንዱን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1632 በሆላንድ አገር በደልፍት ከተማ ተወለደ። አባቱ ቅርጫት ሠሪ ነበር። ላቲን አልተማረም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። በ16 ዓመቱ ወደ አምስተርዳም ሄዶ የጨርቅ ንግድ ተለማመደ፤ ተመልሶም በ1654 አገባና ሱቅ ከፈተ። ከ1660 ጀምሮ ደግሞ በከተማው አስተዳደር ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በትርፍ ጊዜው ግን መስተዋት እየፈተገ አጉሊ መነጽር ይሠራ ነበር። የሠራቸው ሌንሶች ከ500 ይበልጣሉ፤ ከተረፉት አንዱ ዕቃን 270 ጊዜ ያህል ያጐላል።

በ1677 የወንድን ዘር በዚህ መሣሪያ ቢመለከት፣ ጅራት ያላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ሲርመሰመሱ አየ። ያየውንም ለለንደን የንጉሣዊ ማኅበር ጻፈ፤ ነገሩ የሚያሳፍር መስሎ ከታያቸውም እንዳያሳትሙት ፈቀደላቸው። ማኅበሩ በ1680 አባል አድርጎ መረጠው።

ነገር ግን ሌቨንሁክ ያየውን በትክክል ቢያይም ፍርዱ ተሳሳተ። ልጁ በሙሉ ከወንዱ ዘር እንደሚገኝ፣ የእናትም ድርሻ እንደ ማሳ መመገብ ብቻ እንደ ሆነ አመነ። ከአምስት ልጆቹ በሕይወት የቀረችለት ማርያ የምትባል ሴት ልጁ ብቻ ነበረች። እስከ ሞተበት እስከ 1723 ድረስ የጦረችው፣ በኋላም የተናዘዘላቸውን 26 የብር አጉሊ መነጽሮች ለማኅበሩ የላከችው እርሷ ናት።

ስሕተቱ ለመታረም ብዙ ዘመን ፈጀ። ቮን ቤር በ1827 የውሻን እንቁላል አገኘ፤ ኦስካር ኸርትቪግም በ1876 በባሕር ጃርት ላይ የወንዱና የሴቷ አስኳል ሲዋሐዱ ማየቱን አስታወቀ።

ዛሬ እንደምናውቀው ከብዙ ሚሊዮን የወንድ ዘር ወደ እንቁላሏ አጠገብ የሚደርሰው በጥቂት መቶ የሚቈጠር ብቻ ነው። እንቁላሏም ዝም ብላ የምትቀበል ማሳ አይደለችም፤ በገጿ ላይ ያለው ፕሮቲን ከዘሩ ፕሮቲን ጋር እንደ ቍልፍና መክፈቻ ይገጥማል። አንዱ እንደ ገባም ሽፋኗን አጠንክራ ሌሎቹን ትከለክላለች። አባት 23፣ እናትም 23 ክሮሞዞም ያዋጣሉ። ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው ግን የአባት ዘር ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቻችን ሆይ፣ የልጅ ማጣት ምክንያት ከባልም፣ ከሚስትም፣ ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል። ለሥራ ወደ ገጠር ስትወርዱ፣ ከፍች በፊት ባልና ሚስት አብረው ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ብትመክሩ፣ ያለ ጥፋቷ ወደ አባቷ ቤት የምትመለሰውን ሴት ታድናላችሁ።