የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ

ከአሊዩ አምባ ዳገቱን ወጥቶ፣ አንኮበርንና ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ሰያ ደብር ይደርሳል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያ ነው። ወጣት አንባብያን ሆይ፣ ስለ ምክር ቤት ሁልጊዜ እንሰማለን፤ ሕጉን በመጀመሪያ ያረቀቀው የአገራችን የሸዋ ሰው መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ከዐድዋ ድል በኋላም ወደ ሩስያ ተላኩና የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። በአውሮፓ የእርሻንም ትምህርት ቀስመው ተመለሱ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የጻፉት ፋቡላ የተባለው ቴአትር በአማርኛ የመጀመሪያው ነው፤ አውሬዎችን እያናገረ ሹማምንትን ስለሚነካ ታገደ። እርሳቸው ግን በዚህ ዝም አላሉም። ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቈረቈሩ።

ትልቁ ሥራቸው የመጣው በ1923 ዓ.ም. ነው። የጃፓንን ሕገ መንግሥት መሠረት አድርገው 55 አንቀጽ ያለውን የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ሐምሌ 9 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሲፈርሙ፣ የሕጉን ምሥጢር ለተሰበሰቡት መሳፍንትና መኳንንት በረጅም ንግግር ያስረዱት እርሳቸው ናቸው። ሕግ የሚባለው ነገር የንጉሥ ቃል ብቻ ለመሰለው ጉባኤ ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

በዚህ ሕግ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። እውነቱን ለመናገር የሕዝብ ሊባሉ አይችሉም ነበር። የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሟቸዋል፤ የመምሪያውን ደግሞ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጧቸዋል። በአሊዩ አምባ ገበያ የሚነግደውም ሆነ በቆላው የሚያርሰው ገባር ድምፅ አልነበረውም። ቢሆንም ቅሉ፣ ይህ አመራረጥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ብቻ መሆኑ በሕጉ ተጽፎ ነበር። በሩ ተዘግቶ ቢቈይም ቢያንስ በር ተሠርቷል።

ከዚያም ተክለ ሐዋርያት በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው፣ ኢጣልያ ልትወርረን ስትዘጋጅ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟገቱ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ፣ እዚሁ ሆነን እንዋጋ በሚለው አሳባቸው ጸኑ እንጂ ለጌታቸው ደስ እንዲል ብለው አልተለወጡም። ለዚህም ዋጋ ከፍለዋል። ብዙ ዘመን በስደት፣ በማዳጋስካር ደሴት ኖሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱም የተማሩትን እርሻ ይዘው በሂርና ተቀመጡ። አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ የጻፉት ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ልጃቸው ናቸው።

ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በድምፁ የመረጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ተክለ ሐዋርያት ግን ሕጉን ባረቀቁለት ምክር ቤት አንድም ቀን እንደራሴ ሆነው አልተቀመጡም። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቈይቶ ታተመ።