ሶንድሬ ኖርሃይም

ሶንድሬ ኖርሃይም (ጁን 10 ቀን 1825 – ማርች 9 ቀን 1897 እ.ኤ.አ.) በኖርዌይ የቴሌማርክ አውራጃ ተወልዶ ያደገ ጭሰኛ፣ አናጢና የስኪ ተጫዋች ነበር። ስኪ ከጫማ ጋር ታስሮ በበረዶ ላይ የሚያንሸራትት ረጅምና ቀጭን ሳንቃ ነው። ሶንድሬ ለመንገድና ለአደን ያገለግል የነበረውን ይህን ሳንቃ ወደ ጨዋታና ስፖርት በመለወጡ «የዘመናዊ ስኪ አባት» እየተባለ ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ኑሮ

ሶንድሬ የተወለደው በክቪተሰይድ ወረዳ፣ በሞርገዳል ሸለቆ፣ ኤቨርቦ በምትባል ትንሽ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ የራሱ መሬት አልነበረውም። እንዲህ ያለው ሰው በኖርዌይኛ «ሁስማን» ይባላል፤ በኢትዮጵያ ጭሰኛ ይባል ከነበረው ጋር ይቀራረባል። ከባለርስቱ ጎጆና ቁራሽ መሬት ይቀበላል፣ ዋጋውንም በአብዛኛው በጉልበቱ ይከፍላል። ሶንድሬም ካደገ በኋላ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖሯል። ኖርሃይም የሚለው መጠሪያም ከነዚህ መኖሪያዎቹ የአንዱ ስም ነው። በ1854 ራናይ ኦሙንስዶተር የተባለች ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ኑሮውን በአናጢነት ይደጉም ነበር።

በትጋቱ የተመሰገነ ሠራተኛ ግን አልነበረም። እንጨት መፍለጥ ሲገባው ከኮረብታው ላይ ሲንሸራተት ይገኝ እንደነበር በአገሬው ሲነገር ኖሯል። ከቤት ጣሪያ ላይ በስኪ ዘልሎ ይወርድ እንደነበርም ይተረካል። የሰፈሩ ልጆች በየኮረብታው ይከተሉት ነበር፤ ከነዚህ መካከል ሚክየልና ቱርዩስ ሄመስትቬይት የተባሉት ወንድማማቾች በኋላ ከመምህራቸው ባልተናነሰ ታዋቂ ሆነዋል።

ማሰሪያውና ሳንቃው

ስኪን ሶንድሬ አልፈጠረውም። በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ይጠቀሙበት ነበር። ይሁን እንጂ ሳንቃው ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በጣቶች ላይ በሚያልፍ አንድ ጠፍር ብቻ ስለነበር ተረከዝ ልቅ ሆኖ ይቀር ነበር። በሜዳ ላይ ለመጓዝ ይህ ይበቃል። ቁልቁል ሲወርዱ ግን ሳንቃውን ለማዞር ያስቸግራል፣ ሲዘሉም ከእግር ወልቆ ይቀራል። ብዙ ሰዎች ፍጥነታቸውን የሚገቱት አንድ ረጅም ዱላ በእግሮቻቸው መካከል አድርገው፣ ሰውነታቸውን ጥለውበት፣ በረዶውን እየቧጠጡ ነበር።

ሶንድሬ ተለማጭ የዛፍ ቀንበጥና ሥር ጠምዝዞ ተረከዙን ዞሮ የሚይዝ ማሰሪያ ሠራ። ማሰሪያው ጫማውን ከሳንቃው ጋር አጥብቆ ይይዛል፣ ግን አያደርቀውም፤ ተረከዝ ከፍ ዝቅ ማለት ይችላል። ሳንቃውንም አሳጥሮ ሁለቱን ጫፎች ሰፋ፣ ወገቡን ጠበብ አድርጎ ጠረበው። እንዲህ ያለው ሳንቃ በጎኑ ዘንበል ሲልና ከሰውየው ክብደት ሥር ሲለመጥ ጠርዙ በበረዶው ላይ ቅስት ይቆርጣል፤ ያለ ዱላ እርዳታም ይዞራል። ማሰሪያውንና ቀጭኑን ወገብ ብቻውን ፈለሰፈ ማለት ግን ማጋነን ይሆናል፤ ተመሳሳይ ነገር በሌሎች እጅም ታይቷል። የሶንድሬ ትልቁ ድርሻ ሁለቱን አጣምሮ ምን ማድረግ እንደሚቻል በገዛ አካሉ ማሳየቱ ነው።

አንዱን እግር አስቀድሞና ጉልበትን አጥፎ የሚዞሩት ዙር እስከ ዛሬ በአውራጃው ስም ቴሌማርክ ይባላል። ስላሎም የሚለው ዓለም አቀፍ ቃልም የተገኘው ከዚሁ አካባቢ ንግግር ነው፤ «ስላ» ተዳፋት፣ «ሎም» ደግሞ በበረዶ ላይ የሚቀር ዱካ ማለት ነው።

የ1868 ውድድር

ሶንድሬ በ1866 በቴሌማርክ፣ በሆይዳልስሞ በተደረገ ውድድር ላይ ችሎታውን አሳይቶ ነበር። ስሙ በአገሪቱ ሁሉ የተሰማው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1868 በክርስቲያንያ (በዛሬዋ ኦስሎ) ውድድር ሲጠራ፣ የ42 ዓመቱ ሶንድሬ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በስኪ እየተንሸራተተ ሄደ። ጉዞው ሦስት ቀን ያህል ፈጅቶበታል። በእድሜ ብዙ የሚያንሱት ወጣቶች በተሰለፉበት ውድድር አንደኛ ወጣ። ዱላውን ሳይደገፍ ቁልቁል መውረዱ፣ ዘልሎ ቀጥ ብሎ ማረፉና ከታች ሲደርስ በአንድ ዙር መቆሙ ለከተማው ሰው እንግዳ ነገር ነበር። የሄመስትቬይት ወንድማማቾችም በ1881 በዚያችው ከተማ ስኪ ማስተማር ጀመሩ።

ወደ አሜሪካ

ዝናው ግን መሬት አልሆነለትም። በዘመኑ ብዙ ድሃ ኖርዌያውያን አትላንቲክን ይሻገሩ ነበር። ሶንድሬም በ1884፣ 60 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ተሰደደ። መጀመሪያ በሚኒሶታ ጥቂት ቆይተው ከዚያ ዛሬ ሰሜን ዳኮታ በሚባለው ግዛት፣ በማክሄንሪ ወረዳ መሬት ያዙ። በረዶ እዚያም ነበር፤ ተራራ ግን አልነበረም። አገሩ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ሜዳ ነው። ሆኖም ሽማግሌው ስኪውን ሁልጊዜ ከደጃፉ ላይ አቁሞ ያስቀምጥ እንደነበር ይነገራል። በመጨረሻ ዘመኑ ወደ ሃይማኖት አዘንብሎ በአካባቢው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ ተካፍሏል። በ1897 በ71 ዓመቱ ሞቶ በዴንቢ አጠገብ ተቀበረ። መቃብሩም ለብዙ አሥርተ ዓመታት የስም ድንጋይ ሳይቆምለት ቆየ።

ከሞተ በኋላ

በዛሬይቱ ኖርዌይ በፌብሩዋሪ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ሲዘጉ፣ እንዲሁም በፋሲካ ሰሞን፣ ቤተሰቦች ወደ ተራራ ይወጣሉ። እንደ ትሪሲል፣ ያይሎና በቴሌማርክ እንደሚገኘው ራውላንድ ባሉ የመዝናኛ ስፍራዎች ለትናንሽ ልጆች የተከለሉ ለዘብ ያሉ ተዳፋቶችና የስኪ ትምህርት ቤቶች አሉ። አራት አምስት ዓመት የሞላው ልጅ እዚያ የሚጫማው ሳንቃ አጭር፣ ወገቡም ጠባብ ነው፤ ተረከዙም ታስሮ ነው የሚወርደው። በ1990ዎቹ ፋብሪካዎች የሳንቃውን ወገብ ይበልጥ ማጥበብ ሲጀምሩ ለጀማሪዎች መዞር እጅግ ቀልሏል፤ ሐሳቡ ግን የሞርገዳሉ አናጢ የተጠቀመበት ነው።

የኤቨርቦ ጎጆም የራሷ ታሪክ አላት። የ1952 የክረምት ኦሊምፒክ በኦስሎ ሲዘጋጅ ኖርዌያውያን ችቦውን ከግሪክ አላስመጡም። ፌብሩዋሪ 13 ቀን ሶንድሬ ከተወለደባት ጎጆ ምድጃ ላይ እሳት ተለኮሰ፤ 94 የስኪ ተጓዦችም እየተቀባበሉ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ዋና ከተማው አደረሱት። በቢስሌት ስታዲየም የመጨረሻው ተረካቢ የታዋቂው አሳሽ የፍሪትዮፍ ናንሰን የልጅ ልጅ ኤይጊል ናንሰን ነበር። በአሜሪካ ስኳው ቫሊ ለተደረገው የ1960 የክረምት ኦሊምፒክም እሳቱ የተለኮሰው በዚሁ በሞርገዳል ነው። ዛሬ በመንደሩ የስኪ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል፤ የሶንድሬ ሐውልትም በሞርገዳልና በሰሜን ዳኮታዋ በማይኖት ከተማ ቆሞለታል።