ጣሪያ ላይ ሆኖ ጎህን የሚጠብቀው ሐበሻ

 

በክረምት ዳንግላ ላይ ለሱብሒ መነሳት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሃው አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ብርድ ልብሱ አይለቅም። አላርሙን ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብለን አጥፍተን ፀሐይ የወጣችብን ስንቶቻችን ነን? የዛሬው የጁምዓ እንግዳችን ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል፤ ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ)።

አሸዋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናቱ ሐማማ ትባላለች፤ ዘሩ ከሐበሻ ነው። መካ ውስጥ የኡመያ ኢብኑ ኸለፍ ባሪያ ነበር። ሲሰልም ኡመያ በቀትር ፀሐይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ድንጋይ ጫነበት። ቢላል የአላህን አንድነት ከመናገር አልቆጠበም። በኋላም አቡ በክር (ረ.ዐ) ገዝቶ ነፃ አወጣው።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ግን መዲና ላይ ትንሽ እንቆይ።

አዛን ሲደነገግ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድምፁን መርጠው ለቢላል ሰጡት። (ሺንን ሲን ይል ነበር የሚባለው ወሬ መሠረት እንደሌለው ዑለማዎች ተናግረዋል፤ አትቀበሉት።) በመስጂዱ ዙሪያ ካሉት ቤቶች ረጅሙ የአንዲት የበኒ ነጃር ሴት ቤት ነበር። ቢላል ገና ሳይነጋ መጥቶ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ጎህን ይጠብቃል። ጎህ ሲቀድ ይንጠራራል፤ ዱዓ ያደርጋል፤ ከዚያ አዛን ይላል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ያቺ ሴት ይህን ዱዓ አንድም ሌሊት ሲተወው እንደማታውቅ መስክራለች። ዱዓው ለማን መሰላችሁ? ለቁረይሾች! አሸዋ ላይ ያስተኛው ሰው ወገኖች የአላህን ዲን እንዲያቆሙ ነበር የሚለምነው።

አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኮቴውን ድምፅ በጀነት ከፊታቸው መስማታቸውን ነግረው፣ ከሥራዎቹ ይበልጥ ተስፋ የሚጥልበት የትኛው እንደሆነ ጠየቁት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ቢላል ስቃዩን አላነሳም፤ አዛኑንም አላነሳም። ሌሊትም ሆነ ቀን ዉዱእ ባደረገ ቁጥር የተገራለትን ያህል ይሰግድ ነበር። ይህንኑ ተናገረ።

ይህ ሰው ግን እንቅልፍ አሸንፎት ያውቃል። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊቱን ነቅቶ እንዲጠብቅ አደራ ተሰጠው። የቻለውን ያህል ሰገደ። ጎህ ሊቀድ ሲል ግመሉን ተደገፈ፤ በዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይዋ ሙቀት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁት እርሳቸውን የያዘው እንቅልፍ እርሱንም እንደያዘው ነገራቸው። ከዚያ ቦታ ጥቂት ራቅ ብለው ዉዱእ አደረጉ፤ ኢቃማ እንዲልም ሌላ ሰው አልፈለጉም፤ ያንኑ ቢላልን አዘዙት። እኛ አንድ ሱብሒ፣ አንድ የቁርኣን ገጽ ወይም አንድ የጥናት ቀን ስላመለጠን ብቻ ስንቱን ነገር እርግፍ አድርገን ትተናል!

በማግስቱ ዓመት መካ ተከፈተች። ኡመያ በበድር ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢላልን ከከዕባ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲል አዘዙት። ወጣ። ከታች ሆነው የሚያዳምጡት፣ በዚያ ጣሪያ ላይ ሌሊት ሌሊት ዱዓ ሲያደርግላቸው የኖረላቸው ቁረይሾች ነበሩ።