ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድና የጽሑፋቸው አራሚዎች

የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1906 በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን ፈጥነው ፈጽመው እ.ኤ.አ. በ1929፣ ገና በሃያ ሦስት ዓመታቸው፣ በግሬኖብል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ለመሆን በቁ። ከዚያ በኋላ የየአገሩን የግል ሕግ ለማቀራረብ በሮም በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ተቋም አገለገሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮም በፓሪስ የሕግ ፋኩልቲ ወንበር ያዙ። ልዩ ሙያቸው የአንዱን አገር ሕግ ከሌላው አገር ሕግ ጋር ማነጻጸር ነበር።

በዚያን ዘመን በፈረንሳይ አገር የሕግ መምህር መሆን ማለት በአብዛኛው ጽሑፍ አራሚ መሆን ማለት ነበር። ተማሪው የሚመዘነው ከሃያ በሚሰጥ ነጥብ ሲሆን ነጥቡም በቀላሉ አይገኝም። መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የጽሑፉን አቋም ነው። መግቢያው ጥያቄውን ለይቶ አውጥቷልን? ሐተታው በሁለት ዐበይት ክፍሎች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ በየንዑስ ክፍሉ ተሰድሯልን? አንዱ ሐሳብ ሌላውን ይወልዳልን? ዕውቀቱ የሞላ፣ ቅደም ተከተሉ ግን የተዛባ ጽሑፍ ከአማካይ በታች ይወድቃል። ማናቸውም መሐንዲስ ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም፤ ሒሳቡ ልክ ቢሆን እንኳ ንድፉ የማይነበብ ሥራ ወደ ግንባታ አይወርድም።

ይህን ልማድ ይዘው የኖሩት ሰው በ1946 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተጋበዙ። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያው ዓመት የሕግ ኮሚሲዮን አቋቁሞ ሥራውን ለባለሙያዎች አከፋፈለ። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ ለስዊሳዊው ለዣን ግራቨን፣ የንግዱ ሕግ ለፈረንሳዊው ለዣን ኤስካራ ተሰጠ። ኤስካራ ሥራውን ሳይፈጽሙ ስለሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ተተክተው ከፍጻሜ አደረሱት። የሁሉም ሰፊ የሆነው የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ለሬኔ ዳቪድ ደረሰ።

እነሆ የብዙ ተማሪዎች ጽሑፍ አራሚ የነበሩት ሰው በተራቸው ታራሚ ሆኑ። ረቂቁን በፈረንሳይኛ እያዘጋጁ፣ የየክፍሉን ምክንያት የሚያብራራ ሐተታ እያያያዙ ለኮሚሲዮኑ ያቀርቡ ነበር። በኮሚሲዮኑ የተቀመጡት ኢትዮጵያውያን ሹማምንትና ዳኞች የፍትሐ ነገሥትን ሥርዓትና የየአውራጃውን ልማድ የሚያውቁ ነበሩ። እነርሱም የጽሑፉን አቋም ሳይሆን በአገሩ ላይ መሥራት አለመሥራቱን ይመረምሩ ነበር። በተለይ የቤተሰቡና የውርሱ ክፍል ብዙ ክርክር አስነሣ። ሕጉ በመዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸመውን ጋብቻ ሁሉንም በአንድነት መቀበሉ፣ መተጫጨትን ማወቁ፣ የባልና የሚስትን ጠብ ለቤተ ዘመድ ዳኞች መስጠቱ የዚህ ዓይነቱ እርማት ፍሬ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በውልና በኃላፊነት ክፍል ግን የፈረንሳዩና የስዊሱ ሕግ መንፈስ ጐልቶ ይታያል።

ዳቪድ በኋላ በጻፉት ሐተታ አቋማቸውን አልሸሸጉም። ሮማውያንና እንግሊዛውያን በየጊዜው ከሚሰጥ ፍርድ እያጠራቀሙ በዘመናት እንዳደረጉት፣ ኢትዮጵያም የራስዋን ሕግ በዝግታ ለመገንባት ሦስት መቶና አምስት መቶ ዓመት ልትጠብቅ አትችልም የሚል እምነት ነበራቸው። ሕጉ የነበረውን መዝግቦ የሚያስቀምጥ ሳይሆን፣ ሊመጣ የሚገባውን ኑሮ የሚነድፍ እንዲሆን አሰቡ። አሳቡ ታላቅ ነው። ነገር ግን መሬቱ ሳይጠና የተነደፈ ድልድይ የሚገጥመው አደጋ ለዚህም ንድፍ የማይቀርለት ነበር።

ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 165 ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አምስት መጻሕፍትና 3367 ቁጥሮች አሉት። የአዋሽን ወንዝ የያዘው የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የሁለቱ በአንድ ዓመት መገናኘት ድንገተኛ ቢሆንም፣ በአዋሽ ሸለቆ ለሚኖረው አፋር ግን ውኃውን የሚገዛው ግድብና መሬቱን የሚገዛው ሕግ አብረው መጡበት።

አፋር የራሱ ሕግ ነበረው፤ ዛሬም አለው። መዳዓ የሚባለው ይህ ሕግ በወረቀት ያልሰፈረ፣ በሽማግሌዎች አእምሮ የተጠበቀ ነው። ጠብ ሲነሣ የጎሣ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የቀድሞውን ፍርድ እያስታወሱ፣ ካሣውን እየለኩ ይፈርዳሉ። የተፈረደውም እንደ ማናቸውም ወሬ በዳጉ ከመንደር መንደር ይደርሳል። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ቁጥር 3347 ግን ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረው የተጻፈም ሆነ የልማድ ሥርዓት ሁሉ፣ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር፣ ተሽሯል። ዳቪድ በመንደር ወይም በጎሣ በጋራ ስለሚያዝ መሬት ከቁጥር 1489 ጀምሮ ጥቂት ቁጥሮች ማኖራቸው እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 የግጦሽ መሬትን የመንግሥት ሀብት አድርጎት ስለነበር፣ እነዚያ ቁጥሮች ለከብት አርቢው እምብዛም አልጠቀሙትም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የጥጥ እርሻው በተንዳሆና በአሚባራ እየሰፋ ሄደ፤ በአዋሽ ከተማ አጠገብም የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። በበጋ ወራት ከብቱ የሚወርድበት የወንዝ ዳር ግጦሽ በዚህ ሁሉ ጠበበ። የመስኖውን ቦይ የቀየሱት መሐንዲሶች የጐርፉን መጠን ለክተዋል፤ በዚያ ጐርፍ የሚበቅለውን ሣር ማን እንደሚያሰማራበት መለካት ግን የሥራቸው ክፍል ሆኖ አልተቆጠረም።

የሕጉ ተማሪዎች የመጡት ከሕጉ በኋላ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ከመምህራኑም ብዙዎቹ አሜሪካውያን ስለነበሩ የእርማቱ ልማድ ከዳቪድ አገር የተለየ ሆነ። ለተማሪው አንድ የተፈጠረ ታሪክ ይሰጠዋል፤ እርሱም ጭብጡን ለይቶ፣ አግባብ ያለውን ቁጥር ጠቅሶ፣ ከነገሩ ጋር አገናዝቦ መደምደሚያ ላይ መድረስ አለበት። አራሚው ዋናውን ነጥብ የሚሰጠው ለመደምደሚያው ሳይሆን ለማገናዘቡ ነው። ሁለት ተማሪዎች ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ደርሰው ሁለቱም ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ።

በዚህ ላይ ብርቱ የቋንቋ ችግር ነበር። ሕጉ የታሰበው በፈረንሳይኛ፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ፣ በፍርድ ቤት የሚጸናው ግን የአማርኛው ቅጂ ነው። በእንግሊዝኛው ቅጂ ተመርቶ የጻፈ ተማሪ ከአማርኛው ጋር ሲተያይ ሊሳሳት ይችላል፤ አራሚውም ትክክለኛውን ለማወቅ ወደ ፈረንሳይኛው ረቂቅ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከቁጥሮቹ መካከል እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉም አሉ። ስለ ቤት ሽያጭ ቁጥር 2877 የጽሑፍ ውልን ብቻ ሲጠይቅ፣ ቁጥር 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መመዝገብን ይጨምራል። ቤት የገዛ ሰው ሁሉ የሚነካው ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት የፈተና ጥያቄ ሆኖ ኖሮ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. ምዝገባው ግዴታ ነው ሲል ወሰነ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥር 1723 ራሱ በአዋጅ ቁጥር 639 ለባንክ ብድር መያዣ ሲባል ተሻሻለ። ቀድሞ ሙሉ ነጥብ ያገኘ መልስ ከዚያ በኋላ ጐዶሎ ሆነ ማለት ነው።

ዛሬ በአፋር ክልል ርእሰ ከተማ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሕግም ይማሩበታል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ የሚጓዝ ሰው የሚያቋርጠው አገር የዳቪድ ሕግና መዳዓ ጐን ለጐን የሚሠሩበት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በባህላዊ ሕግ መዳኘትን ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ ተቀብሏል፤ በአንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ካለበት ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለ ግጦሽ መሬት ሙግት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ የዚያ አገር ልጅ ቁጥር 3347ን ብቻ ጠቅሶ መዳዓ ተሽሯል ቢል ቁጥሩን በትክክል ጠቅሷል፤ ሕጉን ግን አላወቀም። የሽማግሌዎቹን ፍርድ ብቻ ተርኮ ቢያበቃም የሕግ ጽሑፍ አልጻፈም። አራሚው ሊፈልግበት የሚገባው ሁለቱን ያገናዘበበትን ገጽ ነው። ለዚህ ደግሞ አራሚው ራሱ መዳዓን ማወቅ ይኖርበታል። ያልተጻፈ ሕግ የግርጌ ማስታወሻ የለውምና፣ ምንጩ ሽማግሌ የሆነ ጽሑፍ ምንጩ መጽሐፍ ከሆነው ያነሰ ነጥብ እንዳይሰጠው መጠንቀቅ ከአራሚው የሚጠበቅ ነው።

ዳቪድ ከኢትዮጵያው ሥራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለምን ታላላቅ የሕግ ሥርዓቶች የሚያነጻጽረውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ መጽሐፉም በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ የየአገሩ ተማሪዎች መማሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1968 ከፓሪስ ወደ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ተዛውረው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የኢራስመስ ሽልማት ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያርፉ በኢትዮጵያ የጻፉት ሕግ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር። የገጠር መሬትን የሚመለከተው ክፍል በ1967ቱ አዋጅ ቀድሞ ተሽሮ ነበር፤ የቤተሰቡም ክፍል እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1992 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተካ። የውሉና ከውል ውጭ ያለው ኃላፊነት ክፍል ግን ዛሬም ይሠራል፤ በሰመራም ሆነ በአዲስ አበባ የሕግ ተማሪ ከሚፈተንባቸው ትምህርቶች አንዱ ነው።