ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ ከመርሐ ቤቴ የተገኙት የከተማ ሹምና ደራሲ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን በሰላ ድንጋይ ከተከታተሉ በኋላ ወደ እንጦጦ ራጉኤል መጥተው በጸሐፊነት ሲሠሩ፣ የጽሕፈት ችሎታቸው በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ታወቀላቸው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለአምስተኛው ጆርጅ ዘውድ በዓል ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ወደ ለንደን ተጉዘዋል።

በ1900ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን እንዲመሩ ተሾሙ። ያን ጊዜ የከተማው ነዋሪ የሚጓዘው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነበር፤ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ገና አሥር ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። የከተማ አውቶቡስ የተጀመረው እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. ነው። ካሜራ ግን ከአውቶቡስ ቀድሞ ገብቶ ስለነበር የአርመንና የአውሮፓ ፎቶግራፍ አንሺዎች የመኳንንቱን፣ የገበያውንና የጎዳናውን ምስል አስቀርተዋል። ችግሩ በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ ከሚታዩት ሰዎች የብዙዎቹ ስም አለመጻፉ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የቀደሙትንም ሆነ የዘመናቸውን ሰዎች ስምና ሥራ መዝግበው ለተከታዩ ትውልድ ማቆየታቸው የሚመሰገነው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬም ቢሆን የመዝገብና የፎቶግራፍ ክምችት በኃላፊነቱ ሥር ያለ መሥሪያ ቤት ሊያጤነው የሚገባ ጉዳይ ነው።

እርሳቸው ራሳቸውም ለካሜራ እንግዳ አልነበሩም። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን ካነጋገሩት መልእክተኞች አንዱ ሲሆኑ፣ በዚያ የተነሡት የልዑካኑ ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ ይገኛሉ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ወደ ጃፓን ተጓዙ። ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ጋር ተገናኝተው ሲመለሱ ያዩትን ሁሉ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በሚል ርእስ በዚያው ዓመት አሳተሙ፤ መጽሐፉ ወደ ጃፓንኛም ተተርጉሟል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው። በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር አሰባስበው ያሳተሙትም እርሳቸው ናቸው።

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ይህን ሁሉ አቋረጠው። በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀመጡ። በአገር ቤት የቀሩት ልጆቻቸው ጊዮርጊስና ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። አባት መርዶውን የሰሙት በስደት ላይ ሆነው ነው። ከዚያም ብዙ አልቆዩም፤ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው እዚያው ባዝ አረፉ። አጽማቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ አርፏል።