ሁሉን የራሱ ሊያደርግ የተነሣው መካኒክ
የሔንሪ ፎርድ ሕይወት ባጭሩ

ለዛሬ በግድግዳ ጋዜጣችን ይዘንላችሁ የቀረብነው የአንድ መካኒክ የሕይወት ታሪክ ነው። ሔንሪ ፎርድ ይባላል፤ ስሙን ያልሰማ ያለ አይመስለንም። አብዛኞቻችን የምናውቀው መኪናን ለተራው ሰው ያዳረሰ መሆኑን ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ዕድሜውን ሙሉ ሲያስጨንቀው ስለኖረው ስለ ሌላው ጉዳይ ነው። ይኸውም ፋብሪካው ሥራ እንዳይፈታ ብረቱን፣ እንጨቱን፣ መስተዋቱንና ጎማውን ከየትና እንዴት በሰዓቱ ያመጣ እንደ ነበር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎርድ የተወለደው ጁላይ 30 ቀን 1863 በአሜሪካ፣ በሚቺጋን ግዛት፣ ዲርቦርን አካባቢ ነው። አባቱ ከአየርላንድ የፈለሰ ገበሬ ነበር። እናቱን በ12 ዓመቱ በሞት አጣ። እርሻ እምብዛም አልሆነለትም፤ ልቡ ያለው ሰዓት ፈታቶ መልሶ መግጠሙ ላይ ነበር። በ1879 ዲትሮይት ገብቶ የማሽን ሙያ ተለማመደ። በ1891 በኤዲሰን የመብራት ኩባንያ ተቀጠረ። ማታ ማታ ደግሞ ከቤቱ ጓሮ ባለች መጋዘን ውስጥ ሲታገል ቆይቶ፣ በ1896 የመጀመሪያዋን ባለ ሞተር ጋሪ ሠርቶ ጨረሰ። ምን ያደርጋል! ጋሪዋ በበሩ አልወጣ አለች። ግድግዳውን በመጥረቢያ ነድሎ አወጣት። አንድን ነገር መሥራት ብቻውን እንደማይበቃ፣ መግቢያና መውጫውንም ማሰብ እንደሚያስፈልግ ያኔውኑ ሳይማር አልቀረም።

በ1899 የተቋቋመው የመጀመሪያ ኩባንያው ከሰረ። ከሁለተኛው ከባልደረቦቹ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ወጣ። ሦስተኛው፣ በ1903 የተመሠረተው የፎርድ ሞተር ኩባንያ፣ ጸና። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኩባንያው ገጣጣሚ ነበር እንጂ እውነተኛ አምራች አልነበረም። ሞተሩንና ሻንሲውን ሠርተው የሚያቀርቡለት ዶጅ የተባሉት ወንድማማቾች ነበሩ። እነሱ ከዘገዩ ፎርድም ይዘገያል ማለት ነው።

በ1908 ሞዴል ቲ የተባለችው መኪና ወጣች። ዋጋዋ 850 ዶላር ያህል ነበር። ፈላጊዋ ከአቅም በላይ ስለሆነ፣ በ1913 ሃይላንድ ፓርክ በተባለው ፋብሪካ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ተዘረጋ። ሠራተኛው ባለበት ቆሞ፣ ሥራው ራሱ እየተጎተተ ወደ እሱ እንዲመጣ ተደረገ። ቀድሞ አንድ ሻንሲ ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር፤ በ1914 ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። የመኪናዋም ዋጋ እየወረደ ሄዶ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ሆነ።

ታዲያ ሁለት ችግሮች ተከተሉ። አንደኛው የሰው ነው። ቀኑን ሙሉ አንዲት ብሎን ብቻ ማጥበቅ ያሰለቻል። በ1913 ፎርድ 14,000 ያህል ሠራተኛ በሥራ ላይ እንዲኖረው በዓመቱ ውስጥ ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። ገብቶ የሚወጣው ብዙ ነበርና። በ1914 የቀን ደመወዙን 5 ዶላር፣ የሥራ ሰዓቱን 8 አደረገ። ሠራተኛው ጎረፈ። ግን የኩባንያው ተቆጣጣሪዎች የሠራተኛውን የቤት ኑሮ ሳይቀር እየዞሩ ይመረምሩ ነበር።

ሁለተኛው ችግር የዕቃ ነው። አንድ መምህር ጠመኔ ቢያልቅበት በቃል ማስተማር ይችላል። የሚንቀሳቀስ መስመር ግን እንዲህ ያለ ዘዴ የለውም። መቶ ዕቃ ሞልቶ አንዲት ብቻ ብትጎድል፣ ሁሉም እሷን ቆሞ ይጠብቃል።

ፎርድ ለዚህ ያገኘው መድኃኒት ሁሉን የራሱ ማድረግ ነበር። በ1919 ሌሎቹን ባለአክሲዮኖች ገዝቶ አስወጣ። ከ1917 ጀምሮ በሩዥ ወንዝ ዳር ያስገነባው የነበረው ፋብሪካ አንድ ከተማ አከለ፤ በኋላ ከ100,000 በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። በሚቺጋን የብረት ማዕድንና ደን፣ በኬንታኪና በዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ድንጋይ ማውጫ ገዛ። በ1920 የባቡር መሥመር ገዛ፤ በ1924 የራሱን ትልልቅ የጭነት መርከቦች በሐይቅ ላይ አሰማራ። መስተዋቱንም ራሱ ያመርት ጀመር። በአንድ በኩል የገባው የብረት አፈር በሌላው በኩል መኪና ሆኖ ይወጣ ነበር። በ1926 ፎርድ ባወጣው መጽሐፍ እንደ ተገለጸው፣ ከማዕድን ጉድጓዱ ተነሥቶ የተሠራ መኪና እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ 81 ሰዓት ነበር።

ነገር ግን በ1920 ማብቂያ የገበያ ድቀት ሲመጣና ዕዳ ሲያጣድፈው፣ መጋዘን የሞሉትን መኪኖች ለሻጭ ወኪሎቹ ጭኖ ላከና ዋጋቸውን በጥሬ ገንዘብ አስከፈለ። እሱ ዳነ፤ ጭንቁ ግን ወደ ወኪሎቹ ዞረ።

በእጁ ያልገባ አንድ ዋና ነገር ቀርቶት ነበር፤ ጎማ። የጎማ ዛፍ የትውልድ አገሩ የብራዚል አማዞን ነው። በ1876 አንድ እንግሊዛዊ ዘሩን ከዚያ አውጥቶ ስለወሰደው፣ በኋላ የዓለም ጎማ በአብዛኛው የሚመጣው እንግሊዞች ከያዟቸው የእስያ አገሮች ሆነ። እንግሊዝ በ1922 ዋጋውን ከፍ ለማድረግ የሚላከውን ጎማ መጠን ገደበች። ፎርድም በ1927 በታፓዦስ ወንዝ ዳር 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ከብራዚል አገኘ። የአሜሪካን መንደር የመሰለ ከተማ ተሠራ፤ ፎርድላንዲያ ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በጫካው ውስጥ የጎማ ዛፎች ተራርቀው ይበቅላሉ። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅጠሉን የሚያደርቅ በሽታ በዚያው አገር ስላለ ነው። ወደ እስያ የሄደው ዘር ከበሽታው አምልጦ ነበርና እዚያ ዛፎቹን አጠጋግቶ መትከል ይቻላል። የፎርድ ሰዎች የዕፅዋት ባለሙያ በቅጡ ሳያማክሩ አማዞን ውስጥ በረድፍ በረድፍ አጠጋግተው ተከሉ። ቅጠል ከቅጠል ሲነካካ በሽታው እርሻውን አዳረሰው።

ሰዉም እንደ ዛፉ ነበር። የአገሩ ሠራተኛ በማያውቀው ምግብና በፋብሪካ ሰዓት እንዲኖር ተገደደ። በዲሴምበር 1930 በምግብ አዳራሹ የተነሣው ብሶት ወደ ረብሻ ተለወጠ፤ የሰዓት መቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹ ተሰባበሩ፤ ኃላፊዎቹ በጀልባ ሸሹ። በ1934 ሌላ ቦታ ተሞከረ፤ ያም አልሠመረም። በ1945 መሬቱ በ250,000 ዶላር ገደማ ለብራዚል መንግሥት ተመለሰ። ኪሣራው 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ፎርድ ራሱ አንድ ቀን እንኳ እዚያ እግሩን አላሳረፈም።

በአገሩም ቢሆን ነገሮች አልተቃኑለትም። መላው ፋብሪካ ለአንድ ዓይነት መኪና ብቻ የተሰናዳ ስለነበር፣ በ1927 ሞዴል ቲ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርታ ስታበቃ አዲሱን ሞዴል ለማውጣት ምርት ለወራት ቆመ። በ1920ዎቹ ያሳትመው የነበረው ጋዜጣ በአይሁዶች ላይ ያሠራጨው የጥላቻ ጽሑፍ የማይፋቅ ነውር ሆኖበት ቀርቷል። በማርች 1932 ሥራ አጦች ወደ ሩዥ ፋብሪካ ሰልፍ ሲወጡ በተተኮሰ ጥይት ሰዎች ሞቱ። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረመው ከብዙ ግብግብ በኋላ በ1941 ነበር።

ፎርድ ያረፈው አፕሪል 7 ቀን 1947 በ83 ዓመቱ ነው። የዚያን ዕለት የሩዥ ወንዝ ሞልቶ መብራት ተቋርጦ ነበር። የመብራት ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሰው ነፍሱ የወጣችው በሻማና በኩራዝ ብርሃን ነው።

ትምህርቱ ግን አብሮት አልተቀበረም። በ1950 ኤይጂ ቶዮዳ የተባለው ጃፓናዊ መጥቶ የሩዥን ፋብሪካ ጎበኘ። ቶዮታ ኩባንያ ከታይቺ ኦኖ ጋር ያዳበረው ዘዴ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ሁሉን በባለቤትነት ከመያዝ ይልቅ አቅራቢዎች የሚያስፈልገውን ዕቃ በሚያስፈልግበት ሰዓት እንዲያደርሱ ማድረግ። መጋዘን ቀነሰ፤ ወጪ ቀነሰ። የዓለም መኪና ሠሪዎችም ተከተሉት። ያም ቢሆን የራሱ ሥጋት አለው። በማርች 2011 ጃፓን በምድር መናወጥ ስትመታ፣ ለመኪና የሚሆን ቺፕ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ በመቆሙ በሌላ አህጉር ያሉ መስመሮች ሳይቀሩ ተጎዱ። ቶዮታ ከዚያ ወዲህ አቅራቢዎቹ ቺፕ እንዲያከማቹ አደረገ። በ2021 ቺፕ ከዓለም ገበያ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ ላይ ከብዙዎቹ ተሽሎ ቆየ፤ በኋላ እሱም ምርት ቀነሰ። የፎርድ ኩባንያ ደግሞ ቺፕ ብቻ የጎደላቸውን መኪኖች በየሜዳው ደርድሮ ለመጠበቅ ተገደደ። ከመቶ ዓመት በኋላም አንዲት የጎደለች ዕቃ ሁሉን ታስቆማለች።

እንግዲህ እኛ ነገ መምህራን ሆነን በየገጠሩ ስንሠማራ፣ መጽሐፉ ቀድሞ ደርሶ ወንበሩ ሊቀር፣ ወንበሩ ደርሶ ጠመኔው ሊጠፋ ይችላል። ሁሉን የራሳችን ማድረግ አንችልም፤ ፎርድም አልቻለም። የምንችለው፣ የሚያስፈልገን ነገር ከየት እንደሚመጣ ቀድመን ማወቅና የአካባቢውን ነገር የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ነው። አንድ የአማዞን ገበሬ ዛፎቹ ለምን ተራርቀው እንደሚበቅሉ ቢጠየቅ ኖሮ፣ 20 ሚሊዮን ዶላርና ያ ሁሉ የሰው ድካም ጫካ ውስጥ ባልቀረ ነበር። የፎርድን ትጋት እንውሰድ፤ የጎማ ዛፎቹንም አንርሳ።